ስማችን በራዲዮ ለምን እንደዚያ ይጠራል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ዘይት ልታስቀይሩም ፍሬን ልታሳዩም ስትመጡ ብዙዎቻችሁ ያው አንድ ጥያቄ ነው የያዛችሁት። «ስማችሁን በ88.5 ሰማነው፤ ግን ያ ምን ዓይነት ማስታወቂያ ነው? ዋጋ የለው፣ ቅናሽ የለው፣ ኑ እንኳን አይል!» ልክ ናችሁ፣ አይልም። መኪና ስር ተኝተን ለእያንዳንዱ ከምናስረዳ ብለን ነው ይህችን የጻፍነው።

88.5 ላይ የምትሰሙት ደብሊው ኤ ኤም ዩ (WAMU) የንግድ ጣቢያ አይደለም። ባለቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤፍ ኤም ላይ ከ88 እስከ 92 ያለው ቦታ ለንግድ ላልቆሙ ጣቢያዎች የተከለለ ነው፤ ሕጉም ስፖንሰርን ማመስገን እንጂ ማሻሻጥ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ እኛን ስፖንሰሮቹን ሲያመሰግኑ ስማችንን፣ የት እንዳለንና ምን እንደምንሠራ ይናገራሉ፣ በቃ። «ምርጥ ጋራዥ» አይባልም። «ዛሬውኑ ይደውሉ»ም አይባልም። የዘይት ዋጋማ ጭራሽ። «በከተማው አንደኛ» የምትለዋን የምንወዳትን አባባል እያዘንን አወጣናት።

ታዲያ ስፖንሰርነት ውስጥ ምን አስገባችሁ ለምትሉን፣ ጣቢያው ደስ ስለሚለን ነው። በ1951 ተማሪዎች ሲጀምሩት ግቢው ውስጥ የሚሰማ ትንሽ ኤ ኤም ነበር፤ ኤፍ ኤሙ የተከፈተው በ1961 ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ኤድ ዎከር፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። ሰውየው ስንት ዓመት በንግድ ራዲዮ ከሠራ በኋላ ወደዚያው ተመልሶ ከ1990 ጀምሮ እሑድ ማታ የድሮ የራዲዮ ድራማዎችን ሲያቀርብ ኖረ፤ በ2015 ያረፈውም የመጨረሻው ፕሮግራሙ ከተላለፈ ከሰዓታት በኋላ ነው። የውይይት ፕሮግራም አቅራቢዋ ዳያን ሪም በ1973 በነፃ ልታገለግል ገብታ እስከ 2016 መጨረሻ የአገር ባለሥልጣን ስታፋጥጥ ቆየች፣ ያውም ድምፅ በሚያንቀጠቅጥ ሕመም እየተቸገረች። ጉያና የተወለደውን የጣቢያውን የውይይት ፕሮግራም አቅራቢ ኮጆ ናምዲንማ ታክሲ ነጂዎች ደንበኞቻችን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2021 የየዕለቱ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ቅር ያላችሁ አላችሁ፤ እኛንም ቅር ብሎናል።

ከዚያ ጁላይ 2025 ላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ድሮም ትልቁን ገንዘብ የሚያገኙት ከአድማጭና ከስፖንሰር ነው፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ እነሱን ካልያዙ ማንን ይይዛሉ። ይኼኔ ነው እኛም አቅማችን የፈቀደችውን ያህል እንግባ ያልነው።

አንዳንዶቻችሁ በጨዋታ መልክ የጠየቃችሁንም እንመልስ። ከእናንተ ሂሳብ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመርንም። በራሪ ወረቀት ለማሳተም እናወጣ የነበረውን ነው ወደዚያ ያዞርነው። ቅናሽ ሲኖር እንደ ድሮው በሩ ላይ እንለጥፋለን፣ በቴክስትም እንልክላችኋለን። መጠበቂያ ክፍል ያለውን ራዲዮ በተመለከተ፣ ዘፈን ያማራችሁ ንገሩን፣ እንቀይረዋለን። ዜና ሰዓት ላይ ግን አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች