ማሙሽ ገና አልዳኸም

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የጎደለን።

በደወልኩ ቁጥር «ዳኸ ወይ?» ትይኛለሽ። አልዳኸም። ሰባት ወሩን ጨርሶ ስምንተኛውን ይዟል፤ አልዳኸም። በስልክ የምታይው ፊቱን ብቻ ስለሆነ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስልሻል። ሥራውን ግን ከአንገቱ በታች ነው የሚሠራው።

እንደተወለደ ብብቱ ስር ይዤ እግሩን ጠረጴዛ ሳስነካው ይራመድ ነበር። እውነቴን ነው! አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላኛው። በሁለት ወሩ ግን ተወው። ደነገጥኩ። በኋላ ሳነብ ለካ ከሕፃናት ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር ነው። ኤስተር ቴለን የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሕፃናቱን እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ሲያቆሟቸው እርምጃው ተመልሶ መጣ። እግራቸው ቶሎ ወፍሮ፣ ጡንቻው ማንሳት አቅቶት ነበር እንጂ አልረሱትም።

ጉልበት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አንገት ይቀድማል፣ እግር መጨረሻ ነው። እዚህ ደግሞ ልጅ ሲተኛ በጀርባው፣ ሲነቃ ለጨዋታ በሆዱ ይደረጋል። በሆዱ ሳደርገው አፍንጫው ምንጣፉ ላይ ተተክሎ ይጮህ ነበር። እኔም ፊት ለፊቱ በሆዴ ተኛሁ። እኔን ለማየት ሲል አንገቱን ብድግ ያደርጋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ዘጭ ይላል። በአራት ወሩ በክርኑ ተደግፎ ደረቱን አነሳ። አንድ ቀን ከሆዱ ወደ ጀርባው ተገለበጠ። ጣሪያውን ሲያይ ማን እንደገለበጠው ግራ ገብቶት አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ለብቻው ትቼው አላውቅም።

መቀመጥ የጀመረው ሁለት እጁን ከፊቱ መሬት ላይ ተክሎ ነው። አንዱን እጅ ካነሳ በጎኑ ይወድቃል። አሁን እጁ ነፃ ወጥቷል፤ ማንኪያ ከቀኝ ወደ ግራ እያቀያየረ ይመረምራል።

የባለቤቴ ጓደኛ ልጁ የተወውን ባለጎማ መራመጃ አመጣልን። አመስግኜ መለስኩ። እሱ ላይ የተቀመጠ ልጅ ይሮጣል እንጂ መራመድ አይማርም። ደረጃ ላይ ከተንከባለለ ደግሞ አለቀ። ካናዳ በ2004 ሽያጩን ከልክላለች።

ይኸው የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያው፣ ይድሃል፤ አልዋሽሽም፣ ቅናት ቢጤ ይዞኛል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ሕፃናትን ተከታትሎ መዳህ ከ5 ወር እስከ 13 ወር ተኩል ድረስ ሊመጣ እንደሚችል አይቷል። በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ የሄዱም አሉ፤ ከ100 አራት ያህል። እኔ የምፈራው መዘግየቱን ሳይሆን የቻለውን መልሶ ቢተው፣ ወይም አንዱን ጎኑን ብቻ ቢጠቀም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀጠሮ አልጠብቅም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ። ትናንት ኳሱን ከፊቱ አስቀመጥኩለት። በሆዱ ሆኖ መሬቱን በእጁ ገፋ። ክንዱ ከእግሩ ስለሚበረታ ወደ ኋላ ተንሸራተተ! ኳሱን እያየ፣ እየራቀ፣ ሶፋው ስር ገባ። የንዴቱን ነገር ብታይው!

እሁድ ስደውል ስልኩን ወለሉ ላይ አስደግፈዋለሁ። ስሙን ጥሪው። ወደ አንቺ ልምጣ ብሎ ሲርቅሽ ታይዋለሽ፤ እንዳትቀየሚው።

ልጅሽ