አባባ፣ የመጨረሻዋን ቃል ለትንሿ ይተዉላት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለትንሿ የሚያነቡላት ሦስት የእንስሳት ሥዕል መጻሕፍት ልኬያለሁ። ሁለቱ ገጻቸው ወፍራም ካርቶን ነው፤ ሦስተኛው ተራ ወረቀት ስለሆነ ብቻዋን አይስጧት። በ2 ዓመት ተኩል ዕድሜ ገጹን በመዳፏ ጨብጣ ልትጎትተው ትችላለች፤ ያኔ ወረቀቱ ከስፌቱ በኩል ይቀደዳል።

መጽሐፉን ለእሷ ከማንበብዎ በፊት አንዴ ለብቻዎ ያንብቡት። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ የለመደ አንባቢም ይስታል። «አለ» በእንስሳት ተረት ውስጥ በየመስመሩ ትመጣለች፤ ላልታ ከተነበበች ጅቡ ተናገረ፣ ጠብቃ ከተነበበች ጅቡ እዚያው አለ። መሐል ላይ ተሳስተው ሲመለሱ ዜማው ይሰበርና ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

መስኮቱን ከኋላዎ አድርገው ይቀመጡ። ገጹ ስለሚያብረቀርቅ መስኮቱ ከፊትዎ ከሆነ ሥዕሉ በደንብ ላይታይ ይችላል። ፊት ለፊትዎ ሳይሆን ጭንዎ ላይ ትቀመጥ፤ ያኔ መጽሐፉ ከዓይንዎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ለንባብ መነጽርዎም የሚስማማው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ደግሞ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። «አህያዋ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ...» ይበሉና ዝም ይበሉ። በልብዎ እስከ 5 ይቁጠሩ። መጀመሪያ ሰሞን ምንም ላትል ትችላለች፤ «በይ እንጂ» ሳይሏት ራስዎ «አናፋች!» ብለው ይቀጥሉ። ከተደጋገመ በኋላ ግን ቃሏን ከአፍዎ ትነጥቃለች። «አፋች» ብትል አያርሟት፤ «አዎ፣ አናፋች!» ብለው ትክክለኛውን ያሰሟት። አንበሳው አገሳ፣ ፈረሱ አሽካካ፣ እነዚህን ግሶች ከተማ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ከመጽሐፍ ውጪ የሚሰማበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ጮኸ» ብለው አያሳጥሩት።

ያንኑ መጽሐፍ አሥር ጊዜ አምጡ ብትልዎ እሺ ይበሏት። የምትወደው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለምታውቅ ነው። ቃሉን ግን አይለዋውጡባት፤ ዛሬ «ዘለለ» ነገ «ፈነጠዘ» ከሆነ የምትሞላው ክፍተት ይጠፋባታል። አንደኛው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በየገጹ ግርጌ አማርኛውን በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ ሁልጊዜ እንደተጻፈው ያንብቡት።

ለድምፅ ሦስት ዓይነት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የትኛው የማን እንደነበር ይምታታል፣ እሷም አትምርዎትም። ጅቡን በተለይ ማታ በወፍራም ድምፅ አያስጩሁት። በሹክሹክታ ቢያነቡት ትጠጋዎታለች እንጂ አትሸሽም።

ጭላዳ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ንባቡን ይተዉት። ጭላዳ ሣር የሚግጥ የደጋ አገራችን እንስሳ ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነቀለ ይበላል። እርስዎም ከጋቢዎ ላይ በሁለት ጣት ሣር ይንቀሉ፣ ለእሷም ያጉርሷት። እዚያ ገጽ ላይ ሩብ ሰዓት ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ የቀረው ነገ ይነበባል።

አንድ ነገር አደራ፤ በየሥዕሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ አይጠይቋት፣ ሀ ሁንም በዚህ መጽሐፍ አይጀምሩላት። ፈተና ከመሰላት መጽሐፉን ዘግታ ትሄዳለች። ይልቅ እርስዎ እያወቁ ይሳሳቱ፤ ድመቷን አሳይተው «እምቧ!» ይበሉ። ሳቋ ሲያበቃ ራሷ «ሚያው» ብላ ታርምዎታለች።

በመጽሐፉ ገጾች ላይ ያሉት የሚከፈቱ ትንንሽ የወረቀት መስኮቶች ከማጠፊያቸው ይገነጠላሉ። ከጥቅሉ ሥር ግልጽ ፕላስተር አለ፤ ከፊትም ከኋላም ይለጥፉበት፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ተመልሶ ይቀደዳል።

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ