ሮቢንሰን የቀየረው ክለብ አይደለም

ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሊድስ ነው፤ አውቶቡስ እነዳለሁ። ገጻችሁን በእረፍት ሰዓቴ አነባለሁ። ባለፈው ስለ እንግሊዛዊው የራግቢ ተጫዋች ጄሰን ሮቢንሰን ያወጣችሁት አጭር ጽሑፍ ደስ ቢለኝም አንድ ቃል ከነከነኝ። «በ2000 ከዊጋን ወደ ሴል ተዘዋወረ» ትላላችሁ። ሳላህ ከሮማ ወደ ሊቨርፑል እንደሄደው አስመሰላችሁት። ሰውዬው የቀየረው ጨዋታውን ነው እኮ!

ዊጋን የሚጫወተው ራግቢ ሊግ ነው፣ ሴል ደግሞ ራግቢ ዩኒየን። ኳሷ በሁለቱም ሞላላ ብትሆንም በሊግ 13 ሰው ይሰለፋል፣ በዩኒየን 15። በሊግ ስድስት ጊዜ ከጣሉህ ኳሱን ታስረክባለህ። በዩኒየን እንዲህ ያለ ቆጠራ የለም፤ እስከቻልክ ትታገላለህ።

ያጣላቸው ገንዘብ ነው። በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሐደርስፊልድ ውስጥ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ሊጫወቱ ሲወጡ የቀን ደመወዛቸው ይቀርባቸዋል። ክለቦቹ ይካሱ አሉ፣ የዩኒየን ሹማምንት እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሊግ የሄደ ሰው ለዩኒየን እንደሞተ ተቆጠረ። ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እገዳ ነበር።

ለዚህ ነው ቢሊ ቦስተንን ሳታነሱ ስለ ሮቢንሰን መጻፋችሁ የቆረቆረኝ። የካርዲፍ ልጅ ነው። በ1953 ገና በወጣትነቱ ለዊጋን ፈረመ፣ የዩኒየን በር በዚያው ተዘጋበት። ለዊጋን በ488 ጨዋታ 478 ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ወዲያ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። እንደ ሮቢንሰን የክንፍ ተጫዋች ነበር፣ ክለቡም ያው ክለብ። የአንዱ መንገድ መሄጃ ብቻ ነበረው፣ የሌላው መመለሻም አገኘ።

ልዩነቱን ያመጣው ነሐሴ 1995 ነው። ዩኒየን ለተጫዋች መክፈልን ፈቀደ፣ እገዳውም ቀረ። በዓመቱ የሊጉ ዊጋንና የዩኒየኑ ባዝ ሁለት ጊዜ ገጠሙ። በሊግ ሕግ፣ በማንችስተር ሲቲ የድሮው ስታዲየም፣ ዊጋን 82 ለ 6 አሸነፈ። በዩኒየን ሕግ፣ ትዊክነም ላይ፣ ባዝ 44 ለ 19 መለሰ። ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ባዝ ጥቂት ወራት ተጫውቶ ወደ ዊጋን ተመለሰ። በቦስተን ዘመን ቢሆን የሊግ ተጫዋች ለዩኒየን ክለብ አንድ ቀን እንኳ መሰለፍ አይፈቀድለትም ነበር።

እግሩ ተአምር እንደነበር አልክድም። በ2001 ብሪስቤን ላይ ለብሪታንያና አየርላንድ የዩኒየን ጥምር ቡድን ለላየንስ ተሰልፎ የአውስትራሊያውን ክሪስ ላተምን በጠባብ መስመር ሲያልፈው አሁንም ደጋግሜ አያለሁ። ግን የተወለደበት ዓመትም ረድቶታል።

የ2003ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜማ ጭራሽ ዘለላችሁት! እንግሊዝ ሲድኒ ላይ አውስትራሊያን 20 ለ 17 ስታሸንፍ በጨዋታው የተቆጠሩት ትራዮች ሁለት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን የአውስትራሊያው ሎቴ ቱኪሪ ከሮቢንሰን በላይ ዘሎ ኳሱን ነጥቆ አስቆጠረ፤ ቱኪሪም ከሊግ የመጣ ነው። ሁለተኛውን ሮቢንሰን እርጥቡ ሣር ላይ ተንሸራትቶ አገባ። ዴፖ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ የሊግ አፍቃሪ ሽማግሌ አሉ። ያንን ጨዋታ ባነሳሁባቸው ቁጥር «ሁለቱም ትራይ የኛ ነው» ይላሉ። የእንግሊዝ ዋንጫ መውሰድ ብዙም አይሞቃቸው።

እርማቱን በሚቀጥለው እትም ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ቦታ ከተረፋችሁ ስለ ቦስተንም ጻፉ። በ2025፣ በ90 ዓመቱ፣ ሰር ተብሏል፤ ከራግቢ ሊግ ሰው ይህን ማዕረግ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሊድስ