የፊልምና ቴአትር ክበብ፦ የሁለተኛው ሰው ዓመት

«ይህ ክበብ ፊልም ከማየት ሌላ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ዘንድሮ ያየነው የአንድ ሰው ፊልሞችን ነው፤ የእንግሊዛዊውን ደጋፊ ተዋናይ የክሎድ ሬይንስን። ዋና ተዋናይ ያልመረጥነው አውቀን ነው። ለወላጆች ቀን ድራማ ሲታደል ዋናውን ሚና የማይሻማ የለም፤ ሁለተኛውን የሚወስድ ግን በልመና ነው የሚገኘው።

ሬይንስ እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን ተወለደ። በልጅነቱ «ር» አይወጣለትም ነበር፤ የንግግር ትምህርቱን የከፈለለት ይሠራበት የነበረው ቴአትር አለቃ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ አንድ ዓይኑን ጎዳው። በኋላ ለንደን ውስጥ ትወና ሲያስተምር ታዋቂዎቹ ተዋናዮች ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ላውተን ተማሪዎቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 በሠራው የመጀመሪያ የሆሊውድ ፊልሙ «የማይታየው ሰው»ን ሆኖ ተወነ፤ ፊቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሆነ የተመልካቹን ልብ የያዘው በድምፁ ነው። ለኦስካር 4 ጊዜ ታጭቶ አንድም አላገኘም።

የዓመቱ ዋና ሥራችን የዚያን ፊልም ዘዴ መሞከር ነበር። ተዋናዩ ከልብሱ ሥር ከራስ እስከ እግር ጥቁር ከፋይ ይለብሳል፣ ከኋላውም ጥቁር ከፋይ ይዘረጋል፤ ካሜራው የሚያየው ልብሱን ብቻ ነው። እኛ በፖሊስተር ጀመርን፤ ያብረቀርቃል፣ እጥፋቱም ሁሉ ይታያል። ከፋይ ግን ብርሃን ይውጣል። መብራቱ ከጎን ይሁን፣ መጋረጃውን አይንካ፤ ተዋናዩም ከመጋረጃው 2 ሜትር ያህል ይራቅ። የስልክ ካሜራ ጥቁሩን በራሱ ወደ ግራጫ ስለሚያነጣው የብርሃን መጠኑን ቆልፎ መቅረጽ ግድ ነው። ጭንብሉ ድምፅ ስለሚያፍን ከአፍ ላይ ቀደን ስስ ጥቁር ሻሽ ሰፋንበት።

ጭንብሉን የለበሰችው በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በወላጆች ቀን ከጭንብሉ በላይ የተጠመጠመውን ፋሻ ከራስዋ ላይ ስትፈታ ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት «ራስ የላትም!» ብለው ጮኹ። እስኪረጋጉ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀጠለች፤ እያንዳንዱ ቃል እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ኋላ ወንበር ደረሰ። እናትዋ ልጃቸው መሆንዋን ያወቁት ጭንብሉ ሲወልቅ ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎች እንደተለመደው ተካሂደዋል። መብራት በመጥፋቱ የታጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ከፋዩ የተገዛው አባላት ባዋጡት ገንዘብ ነው፤ የኳስ ቡድኑ ማልያ በየዓመቱ ሲታደስ እያየን ስለሆነ ይህን ሳንጠቅስ አናልፍም። ለመጪው ዓመት 6 ሜትር ጥቁር ከፋይ፣ 2 የቁም መብራትና ጩኸት የማያወጣ አንድ ማይክሮፎን ያስፈልገናል። መስጠት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በሚኒ ሚዲያ ክፍል ልታስረክቡን ትችላላችሁ፤ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን።