«ማን በላህ?»፦ ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ስለ ቡዳ ነው። ደብዳቤዬን ወደ ባህል ቢሮ እንዳይመሩት አደራ።

አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበናና ምጣድ ገበያ ታወጣለች። ገዢው ጀበናውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል። ዐይኗን ግን አያይም። ልጅ ያዘለች እናት ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። አክስቴ ይህን ለምዳዋለች።

ያልለመደችው ባለፈው ጥቅምት የደረሰባትን ነው። የጎረቤት ልጅ ትኩሳት ያዘው። ተንቀጠቀጠ፣ ይቃዥ ጀመር። ብርድ ልብስ አልብሰው ግዛዋና ነጭ ሽንኩርት አጠኑት። ሦስት ሰዎች ጠፍረው ይዘውት «ማን በላህ? ተናገር!» ይሉታል። ለፈለፈ። የጠራው የአክስቴን ስም ነው። የማንን ይጥራ? ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በሹክሹክታ ሲሰማ ያደገው እሱን ነው።

በዚያው ሌሊት ቤቷ በድንጋይ ተደበደበ። ለመተኮስ የተደረደረው ሸክላ ተሰባበረ። እሷ በጓሮ በኩል አመለጠች።

ጠዋት ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ከጣቱ ጠብታ ደም ተወሰደ፤ ወባ ነበር። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ወባን አናውቃትም እንዴ? ስትጠና ጭንቅላት ላይ ወጥታ ታንቀጠቅጣለች፣ ታስለፈልፋለች። ልጁ እግዜር ይመስገን ዳነ። ይቅርታ የጠየቀን ግን የለም።

ፖሊስ ጋ ሄድን። ተረኛው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስሟን የጠራው ማን ነው?» ብሎ ነው። ድንጋይ ስለወረወረው ሰው አልጠየቀም። ቀጥሎ «በሽማግሌ ጨርሱት» አለን። የሽማግሌዎቹ እርቅ ደግሞ እሷ ሰፈር ትቀይር የሚል ሆነ።

አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ለጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ሕግ አልጠፋም። ተረኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋው። የሰው ቤት መደብደብ ያው ወንጀል ነው፤ «ቡዳ» የሚል ቃል ስለተጨመረበት የሽማግሌ ጉዳይ አይሆንም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ለዐቃቤ ሕጎችዎ ሰርኩላር ይጻፉ፣ ከፖሊስም ጋር ይነጋገሩ። «ቡዳ ነሽ» ተብላ የተዛተባት ወይም የተደበደበች ሴት ስትመጣ መዝገብ ይከፈትላት። በሕመም የተለፈለፈ ስም የማንም ጥፋት ማስረጃ ተደርጎ አይያዝ። እምነቱን ያጥፉልን አላልኩም። እናቴ ራሷ ጤና አዳም ከደጃፏ አይጠፋም።

ሰርኩላሩ መስከረም ሳይጠባ ቢወጣ ጥሩ ነው። ወባው ያኔ ይጀምራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸክላ ሠሪዋ የወንድም ልጅ፣ ባሕር ዳር