ፍጥነት ብቻ አይለካ፤ የሚጠፋውም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቤት ኢንተርኔት ተቆራረጠብን ብለን አቤት ስንል ፍጥነት ብቻ ተለክቶ የሚሰጠን መልስ እንዲታረም ነው ይህን የምጽፈው።

ደሴ ሆጤ ሆኜ ጅዳና ሪያድ ላሉ የወሎ ልጆች ማታ ማታ በቪዲዮ ሒሳብ አስጠናለሁ። ክፍልፋይ ሳስረዳ ድምፄ መሃል ላይ ይዋጣል፤ "ታች ያለውን ቁጥር" ያልኩት "ቁጥር" ብቻ ሆኖ ይደርሳቸዋል። ለጥገና የመጣው ባለሙያ በስልኩ ለክቶ "የከፈሉበትን ሜጋ እያገኙ ነው" ብሎኝ ሄደ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ነገር ግን ፍጥነት ሲለካ መንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል፣ እንደገና ስለሚላክ ጉድለቱ ይሸፈናል። የቀጥታ ድምፅ ግን ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ የጠፋው ጠፍቶ ንግግሩ ያልፋል።

ይህን ለማየት ፒንግ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም በየኮምፒውተሩ አለ። ወደ አንድ አድራሻ መልእክት እየላከ መልስ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ከመቶ ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ ይናገራል። ዊንዶውስ ካላዘዙት አራት ብቻ ልኮ ያቆማል፤ በአራት ደግሞ አይፈረድም። ብዙ መቶ ይላክ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም ቪዲዮ አይጫን፤ የሞላ መስመር በራሱ ጊዜ ፓኬት ይጥላልና።

ዋናው ነገር ሁለት ቦታ መለካት ነው። መጀመሪያ የቤታችን ራውተር፤ አድራሻው ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እዚያው ከጠፋ ጥፋቱ የቤታችን ነው፤ በአብዛኛው የዋይፋይ። ብዙ ዋይፋይ በሚሠራበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር መጨናነቁ አይቀርም። በላን ኬብል አገናኝቶ መድገም ነው። ራውተሩ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ የጉግል አድራሻ ወደሆነው 8.8.8.8፣ ሲላክ ከጎደለ ግን የደንበኛው ጥፋት አይደለም። መንገዱን ደረጃ በደረጃ በሚያሳየው ትሬስራውት የሚለኩም አሉ፤ መሃል ያለ አንድ ራውተር መልስ ቢነፍግ አይደንግጡ። ብዙዎቹ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስን ከሥራቸው ሁሉ ኋላ ያደርጉታል። የሚያሳስበው ጉድለቱ እስከ መጨረሻው አድራሻ ከዘለቀ ነው።

እኔ ቤት በኬብል እስከ ራውተሩ ምንም አይጠፋም። ወደ ውጭ ግን የጦሳ ተራራ ዳመና ለብሶ በዘነበ ማታ ከመቶ አምስት ስድስት ይቀራል፤ ሲያባራና ሲደርቅ ይስተካከላል። የሰፈራችን መስመር መዳብ ነው፤ ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ እንዲህ ያደርጋል። ባለሙያው የመጣው ፀሐይ በሆነ ቀን ነበርና ምን ሊያይ ይችላል?

አገልግሎት ሰጪውን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የአቤቱታ ቅጹ ላይ የጠፋው ፓኬት ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ከቀንና ከሰዓቱ ጋር የሚሞላበት ቦታ ይኑር፤ ደንበኛው ለክቶ ያመጣውም ይመዝገብ። ባለሙያውም ፍጥነት ከመለካቱ ጋር ፒንግ አድርጎ ይሂድ። የእኛም ሰፈር የምሰሶ መገጣጠሚያ ክረምቱ ሳይገባ ተከፍቶ ይታይልን።

የሒሳብ አስጠኚ፣ ከደሴ ሆጤ