ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሳምንት በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ «ድረ ገጽ አልሠራ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጉት» የሚል ምክር አንብቤ ነው የምጽፈው። ደሴ ውስጥ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቹ አራት ናቸው፤ አራቱም አርጅተዋል። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ ለእኔ ግማሽ ቀን ሥራ መፍታት ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ብሮውዘሩ ላይ፣ ማለትም እንደ ክሮምና ፋየርፎክስ ባለው ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም ላይ፣ ተጨማሪ ሥራ እንድትሠራ የተጫነች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም፣ ኤክስቴንሽን የምትባለዋ፣ ናት። የማታ ትምህርቱን ማለቴ አይደለም። አንዱን ደንበኛዬን «ኤክስቴንሽኑን ላጥፋልህ?» ብለው «ትምህርቴ ምን አደረገህ?» ብሎኛል።

በቀደም አንዲት እናት ለልጃቸው የሥራ ማመልከቻ ሊያስሞሉ መጡ። ስሙን፣ የተመረቀበትን ዓመት፣ ሁሉንም ሞላን። «ላክ» የሚለውን ብነካው ብነካው ወይ ፍንክች! «ኔትወርክ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ኔትወርክማ አለ፤ አጠገባችን ያለው ልጅ ዩቲዩብ እያየ ነው። ገጹን ወደ ታች ሳወርደው «ሮቦት አይደለሁም» የምትለዋ ሳጥን ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ማስታወቂያ እንድትከለክልልኝ የጫንኳት ኤክስቴንሽን ሳጥኗንም አብራ ከልክላታለች። ለዚያ ገጽ ብቻ አጠፋኋት። ገጹ እንደገና ሲከፈት ግን የሞላነው ሁሉ የለም። ከሀ ጀመርን። ሒሳብ ልክፈል ሲሉኝ አፍሬ አልተቀበልኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማደርገው ያንኑ ገጽ በክሮም ስውር መስኮት (ኢንኮግኒቶ) መክፈት ነው። ካልፈቀድንላቸው በቀር ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም። እዚያ ከሠራ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው። እኔ ጋ አሥራ አንድ ተጭነው ነበር። አንድ በአንድ ከመሞከር ግማሾቹን ማጥፋት ይሻላል፤ ችግሩ ከጠፋ ከጠፉት ውስጥ ነው፣ ካልጠፋ ከቀሩት። ፋየርፎክስ ደግሞ በእገዛ ሜኑው ውስጥ ሁሉንም አጥፍቶ የሚነሳበት መንገድ አለው። ብቻ በዚያው መስኮት «አድስ» የሚለውን እንዳትነኩ። እሱ ኤክስቴንሽኖቹን ጠራርጎ ያወጣል።

እኔም ብሆን ፎርማት ወዳጅ ነበርኩ። ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጠዋት ቤቱን ስከፍት በፋየርፎክስ ላይ ያሉት ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ጠፍተዋል። ቫይረስ ነው ብዬ አንዱን ኮምፒውተር ፎርማት አደረግሁት። ለካ የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ኤክስቴንሽኖቹ ትክክለኛ መሆናቸውን በፊርማ የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበት ኖሯል! የተበላሸው በዓለም ሁሉ ነው። በማግስቱ ማስተካከያ ያለው አዲስ ፋየርፎክስ ወጣ። የእኔ ልፋት ግን ውሃ በላው።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የኮምፒውተሮቹ ራም (የሥራ ማስታወሻቸው) አነስተኛ ስለሆነ ግሬት ሰስፔንደር የምትባለውን የክሮም ኤክስቴንሽን ጭኜ ነበር። ተከፍተው የማንጠቀምባቸውን ገጾች (ታቦች) ታስተኛለች፤ ጥሩ ነበረች። የሠራት ሰው በ2012 ዓ.ም. ለሌላ አሳልፎ ሸጣት። አዲሱ ባለቤት ማን እንደሆነ አልተገለጸም። በ2013 ጥር መጨረሻ ጉግል አደገኛ ኮድ አለባት ብሎ ከሁሉም ክሮም ላይ አነሳት። እስከዚያ ድረስ እኔ ቤት ስንት ሰው የይለፍ ቃሉን ጽፏል? አንድ ኤክስቴንሽን ስትጫን «በምትጎበኛቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለህን መረጃ ማንበብና መለወጥ» ትፈልጋለች የሚል ይመጣል። ሳላነብ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሁለት ብቻ ናቸው። ተማሪዎቹ ቪዲዮ ማውረጃ እያሉ ሌላ ይጭኑብኛል፤ ማታ ስዘጋ እየዞርኩ እነቅላለሁ። ምክሩን የጻፈው ሰው ደሴ ከመጣ ሻይ በእኔ ነው፤ ፎርማት ያደረግሁትን ኮምፒውተርም አሳየዋለሁ።

የኢንተርኔት ቤት ባለቤት
ከደሴ